ያለ ጋቢ የተለካው ቀይ መብራት

ቢቸና ውስጥ የትራፊክ መብራት ያለው አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ብቻ ነበር። ድምቀቱን በየሦስት ወሩ የምለካው እኔ ነበርኩ። መሰላል ላይ እወጣለሁ፣ የብርሃን መለኪያዋን መስታወቱ ላይ እደግናለሁ፣ ከዚያ ራሴንም መብራቱንም በጋቢ እሸፍናለሁ። ጋቢው ከሌለ የሚለካው የመብራቱ ሳይሆን የፀሐይ ብርሃን ነው። አላፊ አግዳሚው "ዛሬም መብራቱን በረደው?" እያለ ይስቅብኛል።

ቀዩ ደክሞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ጭራሽ አይታይም። በገበያ ቀን አንድ ባጃጅ ዶሮ የታቀፉ እናትን ለጥቂት ሳታቸው። ሹፌሩን ብቆጣው "መብራቱን በምን አይቼው?" አለኝ። እውነቱን ነው። ጉድለት አለበት ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ፤ አምፖል የለም ተባለ። ደግሜ ጻፍኩ፤ አሁንም የለም።

ሞጣ ያለው አባቴ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ከተኛ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እህቴ ብቻዋን ታገላብጠዋለች። ወደ ሞጣ መዛወሬ ተፈቅዶ ደብዳቤው በኃላፊዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

"ንብረት ሳታስረክብ አትለቀቅም፤ ጉድለት ያለበትን አይረከቡህም" አሉኝ ኃላፊዬ። "ጉድለት ብለህ የጻፍከው ደግሞ አንተው ነህ።"

"እንግዲያው አምፖሉን ያስመጡልኝ።"

"እሱ የእኔ ሥራ አይደለም።"

እውነት በመጻፌ ቢቸና ታስሬ ቀረሁ። እህቴ ስትደውል ስልኩን እያየሁ የተውኩበት ቀን አለ።

አንድ ቀን በዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐዩ ፊት ለፊት ሲያርፍበት፣ ጋቢውን ቤት ትቼ ወጣሁ። የመለኪያዋ ቁጥር ሽቅብ ተሰቀለ። "ደህና" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ቁጥሩን እኔ አልፈጠርኩትም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። በሳምንቱ ተተኪዬ፣ አንዲት ታታሪ ቴክኒሻን፣ መጣች። አለካኩን በትክክል፣ ከነጋቢው አስተማርኳት፤ ግን አረንጓዴው ላይ ብቻ። ቀዩን በወረቀት ተረከበችኝ።

ሞጣ ከገባሁ በሦስተኛው ወር ተተኪዬ ደወለች። አባቴን በጎኑ እያስተኛሁት ነበር።

"ጋሼ፣ የቀዩ ቁጥር በጣም ዝቅ አለብኝ። የእጄ ስህተት ነው ብዬ ሦስቴ ለካሁት። እርስዎ ግን ደህና ብለው ነው የፈረሙት። ምን ልጻፍ?"

ያየችውን ከጻፈች ፊርማዬን ይዘው ቢቸና ይመልሱኛል። እሷም እንደ እኔ እዚያው ትቀራለች። አባቴ በደህናው እጁ ክንዴን ይዟል። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

"ጋቢ አልብሰሽ ነው የለካሽው?"

"አዎ፣ እንዳስተማሩኝ።"

ዶሮ የታቀፉት እናት ፊቴ ድቅን አሉ።

"ጋቢውን አንሺውና" አልኳት፣ "በዘጠኝ ሰዓት እንደገና ለኪው።"

"እሺ፣ ጋሼ" አለችኝ።