ትርፍ ጣት

የእህቴ ባል ሥጋ ቆራጭ ነው። የትኛውንም አጥንት በአንድ ምት ለሁለት ይከፍላል። ቁጣውም እንደ እጁ ፈጣን ነው፤ በሚዛኔ አፌዘብኝ ብሎ የአንድ ደንበኛ ጥርስ አራግፏል። እህቴን ግን ነክቷት አያውቅም ነበር፤ እሷም በዚህ ትኮራ ነበር፣ ሞኝ።

እኔና እህቴ የበኩር ልጃቸውን ከሆስፒታል ታቅፈን ከሉካንዳው ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ስንገባ ባልየው ጨርቁን ገለጥ አደረገ። ከሕፃኑ ትንሿ ጣት አጠገብ ሌላ ጣት አለች፤ ጥፍር ሳይቀር አላት። ፊቱ ጠቆረ። ከሉካንዳው ፊት ለፊት አንድ ጎማ ጠጋኝ ይሠራል፤ በስድስተኛ ጣቱ የተነሳ ሰፈሩ «ትርፌ» ይለዋል። እህቴ ስታልፍ ሰላም ትለዋለች። በቃ፣ ጥፋቷ ይህ ነው።

«ከማን ነው ያመጣሽው?»

«ከማን ይሆናል? ካንተ ነዋ!»

በጥፊ አጮላት። ከአልጋው ጠርዝ ጋር ተላትማ ቅንድቧ ተተረተረ። እኔ በወንበር ጀርባውን ብመታው ዞር ብሎም አላየኝ። የአጥንት መጥረቢያውን አንስቶ መንገዱን ተሻገረ። ትርፌ ጎማ ላይ እንዳጎነበሰ ነበር። የመጀመሪያው ምት ከባለ ስድስት ጣት እጁ ሁለቱን ወሰደ፤ ሁለተኛው ትከሻው ላይ አረፈ። ሰዎች ተረባርበው የእህቴን ባል መሬት ላይ ሲጥሉት፣ የልጅ ልጇን ልታይ የመጣችው እናቱ እየጮኸች ደረሰች።

«ልጄ፣ ተው! ያንተው ነው! አንተም ነበረህ!»

እጁ ጠርዝ ላይ ምስር የምታህል እብጠት አለች። ኪንታሮት ነው ተብሎ ነው ያደገው። እናቱ ለካ በጨቅላነቱ ትርፍ ጣቱን በክር ጥብቅ አድርጋ አስራ ቆርጣዋለች።

ጤና ጣቢያ የእህቴን ቅንድብ የምትሰፋውን ነርስ አሮጊቷ ጠየቀቻት፦ «ቆርጬ ጨርሼው የለ? እንዴት ተመልሶ መጣ?»

«እማማ፣ የቆረጡት ጣቱን ነው። ልጅ ክሮሞዞሙን ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወስዳል። ትርፍ ጣት የሚያመጣው ለውጥ እዚያ ውስጥ ነው፤ ክር አይደርስበትም። ከአንዱ ወላጅ ብቻ ቢመጣም ሊበቃ ይችላል።»

ትርፌ በዚያ እጁ አራት ጣት ቀረው። ሰፈሩ አሁንም ትርፌ ይለዋል፤ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ባልየውን እስር ቤት ስንጠይቀው በሽቦው መሀል እብጠት ያለባትን እጁን አሾልኮ «ልጄን አቅርቢልኝ» እያለ አለቀሰ። እኔ እንደሆንኩ አላዘንኩለትም። እህቴ የሕፃኑን እጅ ከፍ አድርጋ አሳየችው።

«እጁ ያንተ ነው። ግንባሩም ያንተ ነው። አመልህን ግን አጠገብህ አድጎ እንዳይወስድ ይዤው መሄዴ ነው።»

ሻንጣዋን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።