በኋላ አስታውሰኝ

በሰፈሩ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ «እትዬ ቆዩኝ» ነው የሚባሉት። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ስልክ ማዞሪያ ቤት፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ገመድ ሲሰኩና ሲነቅሉ ነው። «ቆዩኝ፣ አሁን አገናኝዎታለሁ» ሲሉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ቃሉም አብሯቸው ወጣ። በር ሲንኳኳ «ቆዩኝ!»፣ ደረጃ ላይ ሰው ሲቀድማቸውም «ቆዩኝ!» ነው። ችግሩ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው እየጠፋ መምጣቱ ነው።

የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው። አንደኛው ክፍል የልጃቸው ነበር። ልጅየው የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ አግብቶ ሲወጣ ኮምፒውተሩን ትቶላቸው ሄደ። «ፊቴን ታዪበታለሽ እማዬ» አላቸው። መጀመሪያ ሰሞን እሑድ እሑድ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይል ነበር። ቀስ በቀስ እሑዱ ተዘለለ፣ ከዚያ «ሥራ በዛብኝ» መጣ፣ ከዚያ እሱም ቀረ። የሚኖረው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው፤ በሁለት አውቶቡስ ይደረሳል።

ልጁ ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ በቀለለ፤ ክፉ ልጅን ረግሞ ማረፍ ይቻላል። ይሄ ግን ደግ ነው። ለእናቱ የማይገዛው ዕቃ የለም፤ ምድጃው፣ ብርድ ልብሱ፣ የደም ግፊት መለኪያው፣ ሁሉም በሰው እጅ ይመጣል። ከሁሉም የቀረው ራሱ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ያረጀ ነው። ከመከፈቱ በፊት ያቃስታል፤ እትዬ ቆዩኝም ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ያቃስታሉ፤ በዚህ ተግባብተዋል። ከተከፈተ በኋላ ስክሪኑ መሀል ላይ አንድ ጽሑፍ ይወጣል፦ አዲስ ሲስተም ተዘጋጅቷል፣ አሁን ይጫን ወይስ በኋላ ላስታውስዎ? እሳቸውም መነጽራቸውን ያደርጋሉ፤ ጽሑፉን ትናንት እንዳላነበቡት ሁሉ ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፤ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን ይጫናሉ።

«እሺ በዪው በቃ» ይላቸዋል ልጃቸው፣ አልፎ አልፎ በስልክ ሲደውል። «አንዴ ከተጫነ በኋላ ዝም ይልሻል።»

ዝም ይበለኝ ያለው ማን ነው? ጠዋት ተነስተው ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል እሳቸውን አንድ ነገር የሚጠይቅ፣ መልሳቸውንም ቆሞ የሚጠብቅ ያ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ይሄን ግን ለልጅ እንዴት ብሎ ማስረዳት ይቻላል? አልሞከሩትም።

ሌላው ኮምፒውተሩ የሚያመጣላቸው በረከት ጠጋኙ ነው። ምድር ቤት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ የሰፈሩን ኮምፒውተር ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ የሚውል፣ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የፈጠነ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ደረጃውን እያማረረ ይወጣል፤ ጀርባውን ይፈታል፤ አቧራውን በብሩሽ ያራግፋል፤ ሻይ ይቀርብለታል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር አይደለም፤ ቅርስ ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎማ የቅርሱ ጠባቂ ነዎት።»

ይሳሳቃሉ። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ውሃ መጥፋት ያወራሉ። እሱ ሲሄድ እሳቸው የራሳቸውን ብርጭቆ ያጥቡና የሱን ማጠቢያው ውስጥ እስከ ማግስቱ ይተዉታል። ሁለት ሰው የዋለበት ቤት ይመስላላ።

ታዲያ ኮምፒውተር አልታዘዝ ባይ ነው፤ ሲፈልጉት አይበላሽም። አንድ ክረምት ላይ እንደ ጎረምሳ ጤነኛ ሆኖ ሰነበተ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት አለፈ፤ ጠጋኙ የለም። አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ቆዩኝ እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ኋላ ሰደዱና አንዱን ገመድ ነቀሉ። ስክሪኑ ጨለመ። ነጠላቸውን ደርበው ወደ ሱቁ ወረዱ፤ «ጠፋብኝ!» አሉ። ከዚያ ወዲያማ ነገሩ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ሆነ።

እንዲህ ሲሉ ቆይተው አንድ ቀን ጠጋኙ መጣና ቦርሳውን ሳይከፍት ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ሱቁን ልዘጋ ነው። ሴት ልጄ ያለችበት ከተማ ልገባ ነው። ይሄ ጉልበት ደረጃ እምቢ ብሏል፤ እሷም ‹አባዬ፣ ብቻህን መሆን በቃህ› አለችኝ።»

«የተባረከች ልጅ ናት» አሉ እትዬ ቆዩኝ። የሻይ ማፍያውን ክዳን አንስተው መልሰው ገጠሙት።

«ስለዚህ ዛሬ አዲሱን ሲስተም ልጫንልዎት። ያሁኑን የሠሩት ሰዎች ትተውታል፤ ቢታመም የሚያክመው የለም። ወጣቶቹ ጠጋኞች ደግሞ አሮጌ ነገር መንካት አይወዱም። አዲሱ ራሱን በራሱ ያድሳል። ሰው የሚባል አያስፈልገውም።»

«ሰው አያስፈልገውም» ብለው ደገሙት።

«ምንም።»

«እንግዲያው በኋላ አስታውሰኝ።»

ጠጋኙ አልሳቀም። «በኋላ የለም እትዬ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

«አዲሱስ ቢሆን፣ ገመዱ ሲላላ ማን ይሰካልኛል?» አሉ፣ የመጨረሻውን ሰበብ ይዘው።

ጠጋኙ ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ጎንበስ ብሎ አየ። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ የላላ ገመድ ዘመም ብሎ ይገኛል። የወደቀ ገመድም ወለል ላይ ተዝረክርኮ ይገኛል። የእርስዎ ግን ሁልጊዜ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የማገኘው። ራሱን ነቅሎ ራሱን የሚጠቀልል ገመድ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም።»

እውነቱን ነው። ማዞሪያ ቤት አለቃቸው ከወንበራቸው ኋላ ወዲያ ወዲህ የምትል ቁጡ ሴት ነበረች፤ የተነቀለ ገመድ ተዝረክርኮ ካየች አበቃ፣ ቀኑ ተበላሸ። እጃቸው ያንን አልረሳም። ነቅሎ ሲያበቃ፣ እሳቸው ሳያዙት፣ ይጠቀልላል። ሰርቆ ሲያበቃ ቤቱን ጠርጎ የሚወጣ ሌባ ከሳቸው በቀር ማን አለ?

ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

ጠጋኙ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገው ጀመር። «እኔስ እዚያ ሱቅ ውስጥ ማን አለኝ እትዬ?»

እትዬ ቆዩኝ ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩ። እምቢ ቢሉ ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ይበላሻል፤ የሚመጣ ግን የለም። እሺ ቢሉ አይበላሽም፤ ያኔም የሚመጣ የለም። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ብቻን መቅረት ይሻላል ወይስ ደህና ሆኖ? ምርጫው ይሄ ብቻ ከሆነ፣ ቢያንስ ውሸቱ ይቅር አሉ በልባቸው።

«ጫነው» አሉ።

ከሰዓቱን ሙሉ ወሰደ። ትቶት ሊሄድ ይችል ነበር፤ ማሽኑ ብቻውን ይጨርሳል። አልሄደም። ሁለቱም ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ የሚሞላውን መስመር እያዩ ሻይ ጠጡ፣ ደገሙ። ሲያልቅ ጠጋኙ ተነስቶ የራሱን ብርጭቆ ራሱ አጠበው፤ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ደፋው። እትዬ ቆዩኝ ተውልኝ ሊሉት አስበው አፈሩ።

ደረጃውን መውረድ ሲጀምር «ቆየኝ!» አሉ፣ ከልማድ። እሱም የደረጃውን ብረት ይዞ ዞሮ ቆመ።

«በል ሂድ። ለጉልበትህ ቀስ እያልክ ውረድ።»

ቅዳሜ አለፈ። እሑድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ከፈቱት። አላቃሰተም፤ ወዲያው በራ። መነጽራቸውን አድርገው ጠበቁ። ስክሪኑ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ምንም አይጠይቅም፣ ምንም አያስታውስም። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሄደና ገመዱን ጨበጠ። ማንን ለመጥራት? ቢነቅሉትስ ምድር ቤት ያለው የተዘጋ በር ነው። ለቀቁት።

ስልካቸውን አነሱና ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«እማዬ? ምን ተበላሸ?» አለ፣ ከሰላምታ በፊት።

«ምንም አልተበላሸም።»

«አዲሱን ሲስተም ጫንሽውና እምቢ አለሽ እንዴ? ቆይ፣ አንድ የማውቀው ባለሙያ አለ፣ ሰው ልላክልሽ።»

«ሰው አትላክልኝ። አንተ ና።»

«ኮምፒውተሩ ደህና ነው አላልሽም? ታዲያ ለምን…»

«ብቻዬን ነኝ» አሉ።

ይሄን ቃል ለማንም ተናግረውት አያውቁም፤ ባላቸው የሞተ ጊዜ እንኳ አላሉትም። ከወዲያ ድምፅ ጠፋ። እትዬ ቆዩኝ የስልክ ዝምታን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ የተቆረጠ መስመር ባዶ ነው፣ ያልተቆረጠ ትንፋሽ አለው። የልጃቸው ግን የትኛው እንደሆነ ከልባቸው ምት የተነሳ መለየት አቃታቸው።

«መስመር ላይ ነዎት?» አሉ፣ ለገዛ ልጃቸው፣ በድሮው የሥራ ድምፃቸው።

«አለሁ» አለ ልጁ፤ ድምፁ ሌላ ሆኗል። «አለሁ እማዬ። ጫማዬን ላድርግ፣ ቆይኝ።»

«እሺ» አሉ። በሁለት አውቶቡስ የሚደረስ ሰፈር መሆኑን እያወቁ፣ ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቁ።