ለጎል የሆነች ኳስ የማን ናት

ሰቆጣ ውስጥ እንደ እኔ ቅናት የያዘው ሰው ካለ ይምጣና እንነጋገር። ለዚያውም የምቀናው በባዕድ አይደለም፤ አንድ ትሪ ላይ አብሮኝ በሚበላ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ሁለታችንም የምንጫወተው ለአንድ ቀበሌ ነው። እኔ መሃል ሜዳ ነኝ፣ እሱ በቀኝ መስመር ይሮጣል። ማግባት የአጥቂያችን ሥራ ነው፤ የእኛ ማቀበል። ባለፈው ክረምት ውድድር ላይ የዞኑ ቡድን አሰልጣኝ መጣና ከሁለታችሁ አንዱን እወስዳለሁ አለ፤ ለጎል የሆነ ኳስ አብልጦ ያቀበለውን። እኩል ከሆናችሁ ታናሹን ነው የምወስድ፣ ዕድሜ አለው፣ አለና ጨመረበት። ወንድሜ አየኝና ሳቀ። እኔ ምን ያስቀኛል? እሱ ገና ተማሪ ነው፣ ከርሞም ይደርሳል። እኔ ግን ያን ጊዜ ካልሄድኩ ቀረሁ ማለት ነው።

እኛ ዘንድ ካሜራ የለም። ማን እንዳቀበለ የሚታወቀው በአግቢው ቃል ነው። ጎል ሲገባ ድምፅ ማጉያውን የሚይዙት ጡረተኛ መምህር አግቢውን ወደ መስመሩ ጠርተው ማን ሰጠህ ይሉታል። እሱ ያለው ይጸድቃል፤ በአግቢ ቃል ላይ መከራከር ነውር ነው። ሕጉን ደግሞ ከቴሌቪዥን ሁሉም ያውቀዋል። የሚቆጠርለት ከአግቢው በፊት መጨረሻ የነካው ነው፤ መሃል ላይ የተጋጣሚ እግር ገብቶ አቅጣጫዋን ካስቀየራት ለማንም አትቆጠርም።

አንጀቴን ያሳረረው ይኸው ሕግ ነው። ኳሷን ታግዬ እነጥቃለሁ፣ ሰው አልፌ ለወንድሜ አሻግራለሁ። እሱ በጫማው ጫፍ ገፋ ያደርጋታል፤ አጥቂው ያገባል። ከዚያ በድምፅ ማጉያው የሚጠራው የወንድሜ ስም ነው። አንዱ ይዘራል ሌላው ያጭዳል የተባለው ለእኔ ነው መሰለኝ። ቤት ስንገባ እናታችን ውኃ የምታሞቀው ለእሱ ነው። እኔን ዞር ብላ «አንተም ደክሞሃል» ትለኛለች። ያችን «አንተም» የምትል ቃል እንዴት እንደምጠላት!

ለመጨረሻው ጨዋታ ስንገባ እኩል ነበርን። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። አጥቂያችን ተጎድቶ ወጣና ፊት የቀረው ወንድሜ ብቻ ሆነ። ሊያልቅ ሲል ኳስ ደረሰኝና ላክሁለት። ኳሷ የተከላካዩን ቁርጭምጭሚት መታች፣ ታጠፈች፣ ወንድሜ እግር ሥር ሄዳ ወደቀች። አገባት።

ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። የተከላካዩን እግር አይቻለሁ፤ በመስመሩ ዳር የቆመውም ሁሉ አይቷል። ኳሷ ለማንም አትቆጠርም፣ እኩል ቀረን፣ ወንድሜ ሄደ ማለት ነው። እሱ እውነቱን መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

መምህሩ ጠሩትና ማን እንደሰጠው ጠየቁት።

«ወንድሜ ነው» አለ።

«ተከላካዩ አልነካትም?»

«አልነካትም፣ የኔታ። ቀጥ ብላ ነው የመጣችልኝ።»

ይኼን ሲል ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። መምህሩ ድምፅ ማጉያውን አነሡና ስሜን ጠሩ። የተቃወመ ሰው የለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ብወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ብሳለም የሚወራው የእሱ ልብ ነው። እንዲህ ያለ ወንድም ከየት ይገኛል ይሉኛል፤ ጨዋታዬን የሚያነሳ የለም። አንድ ቀን ታዲያ ብሽቅ አልኩና ማን ዋሽ አለህ አልኩት። ኳሷ ያንተ ናት፣ እግሩ ስለነካት ያንተነቷ ይቀራል እንዴ ብሎኝ እራቱን ቀጠለ።

የሄድኩ ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን የተሸከመ እሱ ነው። እናታችን ባርካኝ፣ ግንባሬን ስማኝ ስታበቃ፣ «አደራ፣ ወንድምህን እንዳታሳፍረው» አለችኝ። መኪናው ሲነሳ እሱ ከሰው መሃል ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ደስታው የእውነት ነበር፤ እኔ ብሆን እንደዚያ ደስ አይለኝም። በመስኮቱ እያየሁት፣ ከመቼውም ይልቅ ቀናሁበት።