ውርጭ ያልገደለው

ኤቪስ ፒንክሃም በአሜሪካ ሜይን ግዛት የባሕር ጠረፍ፣ ከማቻያስ ወንዝ በላይ ባለችው መንደራችን ለገና በር ላይ የሚሰቀል የጥድ ጉንጉን በመሥራት የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸውን ባሕር ከወሰደባቸው፣ ሴት ልጃቸውም ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ከወረደች ወዲህ የልጅ ልጃቸውን ኮርሊስን ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ነው። ደንባቸው ጥብቅ ነበር። ውርጭ ደጋግሞ ሳይመታው ከጥድ ላይ ቅርንጫፍ አይሰብሩም፤ ዛፉ ሳይተኛ የተሰበረ ቅርንጫፍ የገና በዓል ሳይደርስ ቅጠሉ ይራገፋልና።

ከዚህ እውነተኛ ደንብ ውስጥ እኛ የመንደሩ ሰዎች ሌላ ደንብ አወጣን፤ ዛፉን ያስተኛ ውርጭ መዥገሩንም ገድሎታል አልን። በበጋ ልጆቻችን ከጫካ ሲመለሱ በር ላይ ልብሳቸውን እናስወልቃለን፣ ፀጉራቸውን ገልጠን እንፈትሻለን። ውርጭ ከወደቀ በኋላ ግን ፍተሻው ይቀራል። ይህን ያስተማረን ማንም አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም።

በዚያ ኅዳር የዘጠኝ ዓመቷ ኮርሊስ ቅርንጫፍ ተሸክማ፣ አንገቷ ሥር ድረስ የጥድ ቅጠል ተሰክቶባት ገባች።

«አያቴ፣ ዛሬ ፀጉሬን አታዪልኝም እንዴ?»

«በውርጭ ምን ልፈልግ? መዥገሩ ካንቺ ቀድሞ ተኝቷል። ብትከተይው ጥሩ ነበር።»

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ልጅቷን ትኩሳት ያዛት፤ ጉልበቷም ከዳት። ጉንጉኑን በመኪና የሚወስደው ጎረቤታችን መርል ወንበር ላይ ተጋድማ አገኛት።

«ይቺ ልጅ የምትታመመው ሥራ ስታይ ነው» አለ።

«አንተስ ሥራ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ።

መርል ሳቀ። ኤቪስ ግን ልጅቷ እንደ ልማዷ ተነሥታ እንዳላባረረችው ልብ አሉ፤ በማግስቱም ወደ መንደሩ ክሊኒክ ወሰዷት። ዶክተር ታልቦት ደም አስወሰደች። ውጤቱ ሲደርስም ኤቪስን አስጠርታ አስቀመጠቻቸው።

«ወይዘሮ ኤቪስ፣ መዥገር ለሚያስተላልፈው ለላይም በሽታ የሚመሰክረው ፀረ እንግዳ አካል በደሟ ውስጥ አልታየም። ይህ ብቻውን ግን ነጻ አያወጣትም። በሽታው አዲስ ከሆነ ደሟ ገና አላዘጋጀውም ማለት ነው። የብግነት ምልክቶቿ ደግሞ ከፍ ብለዋል።»

«ጉንፋን ነዋ።»

«ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ ሰውነቷ እየታገለ መሆኑን ይነግሩናል፤ ከማን ጋር እንደሆነ ግን አይነግሩንም። ጫካ ገብታ ነበር?»

«የኛ ልጅ ጫካ ሳትገባ ገና ይመጣል?»

«መዥገርስ?»

«ከውርጭ በኋላ? የኔ ልጅ፣ አንቺ ከተማ ነው ያደግሽው።»

ዶክተሯ አልሳቀችም። «የአጋዘን መዥገር በረዶ መሬቱን እስኪሸፍነው ድረስ ይንቀሳቀሳል። ነክሷት ይሆናል ካሉኝ መድኃኒቱን ዛሬውኑ እጀምርላታለሁ።»

«አልነከሳትም» አሉ ኤቪስ። ያሉትም እንደሚምል ሰው ነበር።

ዶክተሯ ደሙ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲደገም፣ ልጅቷን ካዞራት ግን ያኔውኑ እንድትመጣ አጥብቃ አሳሰበች። ኤቪስ ከዚህ ሁሉ ይዘው የወጡት የፊተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። «ደሟ ንጹሕ ነው» ብለው ለመንደሩ ነገሩ፤ እኛም ተቀበልናቸው። የቀጠሮው ዕለት የመርል መኪና ጉንጉን ሊጭን ደጃፍ ቆመ። ቀጠሮው ከገና በኋላ ይሁን ተባለ።

በዓሉ ሲቃረብ ኮርሊስ የደጁን ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ተቀመጠች።

«አያቴ፣ ልቤ ይረሳል።»

«ምኑን?»

«መምታት።»

ኤቪስ እጃቸውን ደረቷ ላይ አኖሩ፤ ቆይተውም አነሡት። በዚያው ቅጽበት መርልን ጠርተው ልጅቷን መኪና ላይ ጫኗት። በመንገድ ላይ ራሷን ሳተች።

ባንጎር ከተማ ባለው ሆስፒታል የልብ ሐኪሙ ነገሩን በአጭሩ አስረዳ፤ የልቧ የላይኛው ክፍል ትእዛዙን ይልካል፣ የታችኛው ግን አይሰማም። የደሙን ውጤት ሳይጠብቅ የላይም በሽታውን መድኃኒት በደም ሥሯ አስጀመረ፤ ልቧን የሚቀሰቅስ ሽቦም አስገባላት። በማግስቱ ውጤቱ መጣ። ከሳምንታት በፊት ያልነበረው ፀረ እንግዳ አካል አሁን ሞልቶ ነበር።

«እንግዲህ ታወቀ» አሉ ኤቪስ። «ትድናለች ማለት ነው?»

«ደሟ የነገረን የበሽታውን ስም ነው። ልቧን ምን ያህል እንደጎዳው አልነገረንም። ብዙዎቹ ይድናሉ።»

«ብዙዎቹ» አሉ ኤቪስ ቀስ ብለው። 

መድኃኒቱ ቀናት ከሠራ በኋላ ሐኪሙ የልጅቷ ልብ ያለ ሽቦው ይችል እንደሆነ ሊፈትን ሽቦው የተያያዘበትን መሣሪያ ዝቅ አደረገው። ልንጠይቃት ከመንደር መጥተን በክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ መስኮቱን ትተን ወደ ልብ መከታተያው ዞርን። ልቧ በራሱ መታ። ደገመ። ከዚያ መስመሩ ጠፍ መሬት መስሎ ተዘረጋ፤ ሐኪሙም ፈጥኖ መሣሪያውን መልሶ ከፍ አደረገው።

«በቃ?» አለች ኮርሊስ።

«ለዛሬ» አላት። «ነገ ደግሞ እናያለን።»

ኤቪስ ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠግተው ተቀመጡ። ውጭ በረዶው መሬቱን መሸፈን ጀምሮ ነበር።