የሆዶ ሁለተኛ ጀሪካን

ቀናው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚሠራው ሥራ ቢኖር ካሜራዎቹን አንድ በአንድ አንስቶ አቧራቸውን መጥረግ ነው። ጅግጅጋ ደግሞ አቧራ አትነፍግም። ካሜራዎቹ አምስት ናቸው፤ የሚሠሩት ሦስቱ ብቻ። አብዛኞቹን የከተማው ፎቶ ቤቶች ፊልም ትተው ወደ ዲጂታል ሲዞሩ ከሚጥሏቸው ዕቃዎች መሐል ነው የለቀማቸው። የሚወደው ያሺካውን ነው፤ ሁለት ዓይን ያለውን፣ አንገትን ደፍቶ ከላይ የሚያዩበትን። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ስለሆነ ፊልሞቹንም እንደ ፋይል ነው የያዛቸው፤ በፖስታ በፖስታ፣ ቀንና ቦታ ተጽፎባቸው፣ በቆርቆሮ ሣጥን።

"ከነዚህ አንዱን ትተህ አንድ ድስት ብትወለውል ምን አለ?" ትለዋለች ሚስቱ እስከዳር። ድሮ ይህን ስትል ትስቅ ነበር። አሁን ሳትስቅ ትላለች።

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። የመጣው ዐብዲወሃብ ነበር፤ ከቀብሪበያ ጅግጅጋ ሚኒባስ የሚነዳው፣ የውሃ ሻጯ የሆዶ ልጅ። ቁጭ በል ቢሉትም እንደቆመ ተናገረ።

"ጋሼ ቀናው፣ እናቴ አርፋለች።"

"ምን አልከኝ? መቼ?"

"ወር አለፋት።"

ቀናው ግድግዳውን ተደግፎ ደፉ ላይ ተቀመጠ። እስከዳር ከማድ ቤት ብቅ ብላ ሰማችና ነጠላዋን ዘቀዘቀች።

"ፎቶ የላትም" አለ ዐብዲወሃብ። "መታወቂያዋ ላይ ያለው ተፋፍቆ ዓይንና አፍንጫዋ አይለይም። ግን ሁልጊዜ 'ኦዳይ ቤት ፊቴ ተቀምጧል' ትለን ነበር። አሁን ሴት ልጅ ወልጃለሁ፤ ስሟን ሆዶ ብያታለሁ። ስታድግ አያትሽ ይቺ ናት ብዬ የማሳያት ነገር እፈልጋለሁ።"

ኦዳይ በሶማልኛ ሽማግሌ ማለት ነው። ሆዶ ቀናውን ገና ፀጉሩ ሳይሸብት ጀምራ እንዲያ ነበር የምትጠራው።

"አለ" አለ ቀናው። "ነገ ና።"

አፉ አለ ይበል እንጂ ፊልሙን አውጥቶ ካየው ዓመታት አልፈዋል።

ነገሩ የሆነው በ2011 ነው። በዚያ በጋ የቧንቧ ውሃ ወደ ሰፈሩ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብትመጣ ነው፤ ሰፈሩን ያኖረችው በአህያ ጋሪ ውሃ የምታመላልሰው ሆዶ ናት። ቀናው ፎቶ ላንሳሽ እያለ ሲለምናት፣ እሷ እምቢ ስትል ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ራሷ በሩ ላይ ቆማ ተጣራች።

"ወሪያ ኦዳይ! ና አንሳኝ። የቀሩኝ ጥርሶች ሳይወልቁ።"

ያሺካው ውስጥ ካለው ፊልም ለአንድ ፎቶ የምትበቃ ብቻ ቀርታ ነበር። ሆዶ ከጋሪዋ አጠገብ ቆማ እጇን በአህያው አንገት ላይ አደረገች። ቀናው አነሳት።

በማግስቱ ሁለት ጀሪካን አወረደች።

"አንዱ የእስከዳር ነው" አለችው። "ይሄኛው ለፊቴ ነው። አቧራዬን ሁሉ አስለቅቀህ አውጣኝ፣ አደራ። አህያዬ ከኔ ይበልጥ አምሮ ቢወጣ ግን አልምርህም።"

ፊልም በመድኃኒት ታጥቦ ምስሉ ከወጣ በኋላ፣ ውሃው እየተለዋወጠ ግማሽ ሰዓት ያህል መለቅለቅ አለበት። ውስጡ የሚቀረው መድኃኒት ለጊዜው ምንም አያደርግም። ዓመታት ሲያልፉ ግን ምስሉን ይበላዋል። ቀናው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያን ቀን ግን የእስከዳር እናት ቤት ውስጥ ተኝተው ነበር፤ አንሶላቸው በቀን ሁለቴ ይቀየራል። መስኮት በሌላት ዕቃ ቤት ውስጥ ፊልሙን ሲያለቀልቅ፣ እስከዳር ባዶ ሳፋ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።   ሦስት ጆግ ውሃ ተጠቅሞ የቀረውን ራሱ ተሸክሞ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠው። በኋላ እደግመዋለሁ አለ።

በኋላ የፎቶ ወረቀት አለቀበት። ሆዶ ባገኘችው ቁጥር "ፊቴስ?" ትለዋለች፣ እሱም "ወረቀት አልመጣም" ይላታል። ወረቀቱ ሲመጣ እሷ እግሯን ታማ ቀብሪበያ ልጇ ዘንድ ገብታ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ዛሬ ነገ ማለት ነው። ቀብሪበያ ደግሞ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ዐብዲወሃብ እንደወጣ ሣጥኑን አወረደ። ፖስታው ላይ በራሱ ጽሑፍ "ሆዶ፣ በር ላይ፣ የካቲት 2011" ይላል። ፊልሙን በጠርዙ ይዞ ወደ መስኮቱ አነሳው። ጋሪው አለ። አህያው አለ። እጇ ከነቀለበቷ አለ። ቡኒ እድፍ ከላይ ጀምሮ ግንባሯን፣ ግራ ዓይኗንና አፏን ይዞ ወርዷል።

"ምነው?" አለች እስከዳር። ቀረብ ብላ አየችው። "አሁን ብታለቀልቀውስ? ውሃ እንደሆነ አለ።"

"አሁን ምን ይሠራል?"

ቢሆንም አለቀለቀው። እስከዳር ጀሪካኑን ራሷ ተሸክማ አመጣችለት፤ እሱ ሰዓቱን እያየ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ውሃ ለወጠ። እድፉ ንቅንቅ አላለም።

"ጠፋ ብለውስ?" አለ ፊልሙን በገመድ ላይ እየሰቀለ።

"ያ ውሃ የሄደው ለእናቴ አንሶላ ነው። እኔ ልንገረው?"

"የገለበጥኩት እኔ ነኝ" አላት።

በማግስቱ ዐብዲወሃብ መጣ። ፊልሙን ተቀብሎ መስኮቱ ላይ ለጠፈና በስልኩ አነሳው። ስልኩ ውስጥ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር የሚያደርግ ነገር አለ፤ ቀናው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ሥራ በአንድ ንክኪ ጨረሰው። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

"ይሄ ፊቷ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"የመድኃኒት እድፍ ነው። በደንብ አላለቀለቅኩትም፤ ውሃ ቆጥቤ።"

"ውሃ?"

"እናትህ ለዚሁ ብላ ያመጣችውን። ለቤት አደረግነው።"

ዐብዲወሃብ ቀና ብሎ አየው። አልተቆጣም፤ ግራ ነው የገባው።

"ጋሼ፣ ብትጠራት እኮ ሌላ ታመጣልህ ነበር። በየቀኑ በዚህ በር ታልፍ አልነበር?"

"ታልፍ ነበር።"

ልጁ በሁለት ጣቱ ምስሉን አጎላው። ከእድፉ የተረፈውን ቀኝ ዓይኗን አየ፣ ቀጥሎ እጇን፣ ቀጥሎ አህያውን።

"አህያው አምሮ ወጥቷል" አለ። ፊልሙንም በፖስታው አድርጎ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ሚኒባሱ ሰው ሞልቶ እየጠበቀው መሆኑን ተናግሮ ሄደ።

ቀናው ሣጥኑን ወደ ቦታው ሊመልስ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። በዚያ ዓመት የታጠቡት ፊልሞች ሁሉ የተለቀለቁት በሦስት ጆግ ነው፤ እድፉ ያልደረሰባቸው ካሉ እንደገና ቢለቀለቁ ይድናሉ። ፖስታዎቹን ማውጣት ጀመረ፤ የእስከዳር እናት፣ የጎረቤት ልጆች፣ ሠርግ፣ ከከተማው ውጭ ያነሳቸው ቱሊ ጉሌድና ሸደር። እስከዳር የበርሜሉን ክዳን አንስታ አየች። ግማሽ ነው።

"ስንት ጀሪካን ይፈጃል?"

"ብዙ።"

ሳፋውን አምጥታ እግሩ ሥር አኖረችለት።