ቀይ ክር የታሰረበት ጃንጥላ

አብሮኝ የሚኖረው ሰው ፊልም ይወዳል። ይወዳሉ ልበል እንጂ፣ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። እንደኔው የወሎ ሰው ናቸው፣ ሙያቸው ልብስ ስፌት፤ ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን አምስት ዓመት አብረን ኖረናል። አርብ አርብ ከጁምዓ ሲመለሱ ስልካቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው የኮማንዶ ፊልም ይከፍታሉ። ታሪኩ ሁሌም ያው ነው። ልዩ ኃይል የነበረ ሰውዬ አንድ ንጹሕ ሰው ይገድልና ይጸጸታል፣ ጢሙን ያሳድጋል፤ ከዚያ ጸጸቱ እንዲወጣለት አርባ ሰው ይገድላል። ሲያልቅ ሁሉም ያጨበጭብለታል። አንድ አርብ አላስችል አለኝና ስልኩን ከትራሱ ላይ አንስቼ አጠፋሁት።

"ምነው ልጄ፣ ምን ነካህ?" አሉኝ።

"ውሸት ነው ጋሼ።"

"ፊልም ነዋ! ታዲያ እውነት ሊሆን ኖሯል?"

እኔም ኮማንዶ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ቀይ ቦኔት አድርጌያለሁ፣ ከሄሊኮፕተር በገመድ ወርጃለሁ፣ ውሃ ሳልቀምስ ሁለት ቀን በእግሬ ሄጃለሁ። እንዲደነቅልኝ ብዬ አይደለም የምናገረው፤ ማንም እንዲያደንቅልኝ አልፈልግም። አሁን የአንድ ማዳም ሾፌር ነኝ። ልጆቿን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ የገበያ ዕቃዋን እሸከማለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ከነቤተሰቧ መካ እወስዳታለሁ፤ እነሱ ታላቁ መስጂድ፣ ሐረም፣ ገብተው ዑምራቸውን፣ ትንሹን ሐጅ፣ እስኪጨርሱ እኔ መኪናው ውስጥ ወንበሬን አጋድሜ እጠብቃለሁ። "አንተ አትገባም?" ስትለኝ "አድርጌያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ" እላታለሁ። ጋሼንም የማታልላቸው በዚሁ ቃል ነበር። ስምንት ዓመት ጅዳ ስኖር መካ ደጃፍ ስንቴ እንደቆምኩ እንጃ፣ አንድም ቀን ግን አልገባሁም።

ታዲያ ማዳም ቤት ልትቀይር ሆነና ዕቃ የሚያነሳ ሰው አምጣ አለችኝ። ሰቢል የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላቸው የአገሬ ልጆች መንገድ ዳር ቁጭ ብለው የቀን ሥራ ይጠብቃሉ። ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሞላው አንድ ሰው መረጥኩና መኪናዬ ውስጥ አስገባሁት። መንገድ ላይ እንደ ደንቡ "አገርህ ወዴት ነው?" አልኩት። የቀበሌውን ስም ሲጠራ እጄ መሪው ላይ ደረቀ።

"አባቴ እዚያ ነው የሞተብኝ" አለ፣ የዘወትር ነገሩን እንደሚያወራ ሰው። "ኬላ ላይ ኮማንዶ መታው። ማልዶ ገበያ ሲወርድ። ቁም ብለውት ነበር አሉ። እንዴት ይቁም? ጆሮው አይሰማም! ከጋቢው ሥር የያዘው ደግሞ ጃንጥላ ነበር፤ ዘንጉ ተሰብሮበት እናቴ በቀይ ክር አስራለት።"

ጃንጥላውን አውቀዋለሁ።

ሦስቴ "ቁም!" ብዬ ጮኼ በሦስተኛው ተኩሻለሁ። ሮጬ ሄጄ ጋቢውን ስገልጠው ጠመንጃ የለም፤ ከእጁ የወደቀ ጃንጥላ ነው፣ ቀይ ክር አለበት። አለቃዬ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ "ደንቡን ጠብቀሃል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደንቡን ጠብቄ ነበር። በዓመቱ ሠራዊቱን ለቅቄ ወጣሁ፤ ደንቡ ግን አብሮኝ ጅዳ ድረስ መጣ። አንድ ሰው ቢያውቅብኝ የምመልስለት መልስ ሁሌ ምላሴ ላይ ነበር። አስጠላኝ ያ መልስ።

ሰውዬው ወሬውን አላቋረጠም። እዚህ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ምኞቱ አንድ ነው፣ በሟች አባቱ ስም ዑምራ ማድረግ። መካ በመኪና አንድ ሰዓት ነው። ግን መንገዱ ላይ ተፍቲሽ የሚሉት የፍተሻ ኬላ አለ፣ ወታደሮቹ ኢቃማ ይጠይቃሉ፤ እሱን ከያዙት ጠርዘው አገሩ ይሰዱታል። "አባቴን ኬላ ገደለው፣ እኔን ኬላ ከለከለኝ" ብሎ ሳቀ። አብሬው መሳቅ አልቻልኩም። ያን ቀን የማዳምን ፍሪጅ በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላ ወገን እኔ ይዘን ሦስት ፎቅ አወጣን፤ "አይዞህ ወንድሜ፣ ቀስ" ይለኝ ነበር። ሲመሽ ሰቢል፣ እስከ በሩ ድረስ አደረስኩት።

ማታውን ለጋሼ ነገርኳቸው።

"ዝም በል" አሉኝ። "ማን ያውቅብሃል? አንተ የታዘዝከውን ነው የፈጸምክ። ዝም አይነቅዝም።"

"የኔ ነቅዟል ጋሼ።"

"ልጁ ቢወጋህስ?"

"ይውጋኛ።"

"ታዛዥ ነበርክ እኮ ነው የምልህ!"

"ጋሼ፣ ጣቱ የማን ነበር?" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ ይቅርታም አልጠየቅኩም። "በእኛ አገር ደም ያለበት ሰው ምን አድርጎ ነው ደጅ የሚቆመው? እርስዎ ያውቃሉ።"

ያውቃሉ። ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ነው የሚቆመው፤ የሟች ወገን አውርድ እስኪለው ድረስ አያወርድም። ስንት ደም ያደረቁ ሽማግሌ አባት እንደነበሯቸው ራሳቸው አጫውተውኛል።

"ጅዳ ላይ?" አሉ።

"ጅዳ ላይ።"

በማግስቱ ከሰዓት፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ ሰቢል ሄድን። ድንጋይ ከየት ይምጣ? ከአንድ ግንባታ ሥር ብሎኬት አነሳሁ። የሾፌር ነጭ ሸሚዜን እንደለበስኩ ማጅራቴ ላይ ጫንኩትና በጠባቡ መንገድ ጋሼን ተከትዬ ነጎድኩ። የቀን ሠራተኞቹ ጉድ አሉ። "ማዳምህ ቪላ ልትሠራ ነው እንዴ?" አለ አንዱ። "ወንድም፣ ጋሪ ላከራይህ?" አለ ሌላው። ይሳቁ! ከሄሊኮፕተር ስወርድ ያላበኝን ያህል አልቦኝ ነበር፤ ቢሆንም አንገቴን ቀና አላደረግኩም።

ሰውዬው በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያጥባል። ብሎኬቱን ሲያይ ቀድሞ ሳቀ፤ ከዚያ አንገቴን አየ፣ ከፊት የቆሙትን ሽማግሌ አየ፣ ሳቁ ጠፋ። የዚያው አገር ልጅ ነው፣ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

"አባትህን የገደልኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "ሦስቴ ቁም ብዬ ጮኼ ነበር። አልሰማኝም። ጃንጥላው ቀይ ክር ነበረበት።"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እሱም ታዞ..."

"ጋሼ፣ አይከላከሉልኝ" አልኩ። "ያዘዘኝ የለም። ቁምም ያልኩ እኔ፣ የተኮስኩም እኔ።"

ሰውዬው ውሃውን ደፋ። ተነሣ፣ ሊመታኝ እጁን ሰነዘረ፣ መልሶ አወረደው። መልሶ ተቀመጠ። ማጅራቴ እየተላጠ ነበር።

"ጃንጥላው ሬሳው እጅ ላይ፣ ጣቶቹ ታጥፈውበት ነበር የተገኘው" አለ በመጨረሻ። "ማን አስያዘው?"

"እኔ።"

ፊቱን በእጅጌው ጠረገና "ኢቃማ አለህ?" አለኝ።

"አለኝ።"

"ተፍቲሹን ታልፋለህ?"

"በየሁለት ሳምንቱ።"

"እንግዲያው በአባቴ ስም ዑምራ ታደርጋለህ። ስሙን ስትጠራ በስልክ እሰማለሁ። እስከዚያ ይቅርታ የሚባል ነገር እንዳታነሳብኝ።"

ጋሼ ደስ አላቸው። "ለሌላ ሰው ዑምራ የሚያደርግ መጀመሪያ ለራሱ ያደረገ መሆን አለበት" አሉ፣ "እሱ ደግሞ ለራሱ ቀድሞ አድርጓል፣ ችግር የለውም።"

ዝም ማለት እችል ነበር። ብሎኬቱ ሥር ሆኜ ሌላ ውሸት ልጨምር? "አላደረግኩም" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ዋሽቼዎት ነው። አንድም ቀን አልገባሁም። ገብቼ ምን ልበል? ደንቡን ጠብቄ ነው ልበል?"

ጋሼ በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን ተቆጥተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ሰውዬው ግን አየት አደረገኝና "ሂድና መጀመሪያ ለራስህ አድርግ እንግዲህ፤ እኔ ምን ላድርግህ" አለ። "ድንጋዩንም አውርደው። ሰው እያየን ነው።"

ጠዋት ማዳምን የሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቅኳት። የልጆቹ ፈተና ነው፣ አይሆንም አለች። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ኢቃማዬን ያወጣሽልኝ ከፊሌ አንቺ ነሽ" አልኳት፣ "ጠፋ ብለሽ ልታመለክቺብኝ ትችያለሽ። እኔ ግን ሄጄ እመለሳለሁ።" ዑምራ ለማድረግ እንደሆነ ስነግራት "አድርጌያለሁ ስትለኝ አልነበር?" አለች። "ዋሽቼሽ ነበር" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ኸላስ፣ ሂድ" አለች። ቁልፉን ግን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ በአውቶቡስ ሄድኩ።

ጋሼ ቁጣቸው ሳይበርድላቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲሰፉ የኖሩ ሰው፣ ያልተሰፋ ነጭ የዑምራ ልብስ፣ ኢህራም፣ ገዝተው አምጥተው አልብሰውኛል። ተፍቲሹ ጋ አንድ ወታደር እጁን አነሳና አውቶቡሱ ቆመ። ሾፌሩ ምልክቱን በዓይኑ ስላየ ነው የቆመው። ያን ቀን እኔም እጄን አንስቼ ቢሆን ኖሮ! ድምፄን ብቻ ነበር ያነሳሁት። ወታደሩ ኢቃማዬን አይቶ እስኪመልስልኝ ድረስ ይህንኑ ነበር የማስበው።

ሐረም ገብቼ ለራሴ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ሰበብ እንዳላቀረብኩ ግን ይታወቅልኝ። አለቃዬን አልጠራሁም፣ ደንቡን አልጠራሁም። አለቀስኩ፣ ዞርኩ፣ ሮጥኩ፣ ጸጉሬን ተላጨሁ።

በሁለተኛው ቀን ከከተማው ወጣ ብዬ ተንዒም ሄድኩ፤ መካ ያለ ሰው ዳግመኛ ዑምራ ሊያደርግ ሲያስብ ወደዚያ ነው የሚወጣው። ኢህራሜን አድሼ ከመስጂዱ ግቢ ደወልኩለት። ወዲያው አነሳው። ከኋላው የሰቢል ጩኸት ይሰማኛል። ሰዉ ግራና ቀኝ ያልፋል፤ አፍሬ፣ ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ "ለበይክ" ብዬ ዑምራው የማን እንደሆነ፣ የአባቱን ስም፣ በለሆሳስ ጠራሁ።

"ከፍ አድርገህ በለው" አለኝ።

"ምን?"

"ከፍ አድርገህ። አባቴ ጆሮው አይሰማም።"

ስልኩን ከአፌ አራቅኩና ኬላው ላይ ከጮህኩት አብልጬ የሟቹን ስም ሦስቴ ጮህኩ።