ሚካኤል ያስነሣት ትራክተር

ባለፈው ሳምንት ለአያ ጌጡ የልጅ ልጅ ሠርግ ወደ ሐሙሲት ስሄድ፣ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ መንገድ ዳር ከቆመ ትራክተር አጠገብ ሲደርስ ቀዝቀዝ አለ። ወጣቱ ነጂ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እስከ ክርኑ ናፍጣ ለብሶ የእጅ ፓምፑን ይገፋል። አላስቻለኝም። ሾፌሩን «አንዴ አቁምልኝ» ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ወረድሁ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «እማማ፣ ራቅ ይበሉ፣ ልብስዎ ይበላሻል» አለኝ። እኔን! እሱ ሳይወለድ ስንቱን ሞተር የፈታሁትን ሴትዮ! አፌን ከመክፈቴ ሚኒባሱ ጥሩንባውን ነፋብኝና ተመልሼ ገባሁ። ከዚያ በኋላ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ምን እንዳወራችኝ አላስታውስም። ልቤ ሌላ ትራክተር ዘንድ ሄዶ ነበር።

ጉረኛ ነሽ ይሉኛል፤ አልክድም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ብሶብኛል። ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ የሚሰማኝ ካገኘሁ ስላስነሣኋቸው መኪኖችና ስለፈታኋቸው ፖምፓዎች ሳወራ እውላለሁ። የዚያችን ትራክተር ነገር ግን እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም ነበር። ለእኔ ዓይነት ሰው ይኼ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ የእርሻ መሣሪያዎች ጋራዥ መቀጠሬ ነበር። አባቴ ከሐረር መጥቶ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ደመወዝተኛ ነው። እናቴ ደግሞ ልጄ ቢሮ ገብታ ወረቀት ትይዛለች ብላ ስትጠብቅ ቱታ ለብሼ መጣሁላት። አንድ ሳምንት ያህል አኮረፈችኝ። በኋላ ግን ቱታውን ራሷ እያጠበች ጎረቤት እንዲያየው ፊት ለፊት ታሰጣው ጀመር።

በዚያ ዓመት የከብት በሽታ ገብቶ ከሐሙሲት ወደ ጣና የሚወርደውን አገር በረት ባዶ አስቀርቶት ነበር። የዚያ ዳርቻ ሰው አንድ ልዩ እርሻ አለው፤ ባሕር ሸሽ ይለዋል። ክረምት ሲወጣ ጣና ወደ ኋላ ይሸሽና ጥቁር፣ ለም መሬት ጥሎ ይሄዳል። በዚያ ላይ ሽንብራና ጓያ ይዘሩበታል፤ ያለ ዝናብ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ችግሩ ጊዜው ነው። ቀድመው ከገቡ ይሰምጣሉ፤ ከዘገዩ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል። በመሃል ያለችው ጊዜ ዓይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ ናት።

አያ ጌጡ የዚያ ዳርቻ ሰው ናቸው። ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በንብ ርባታቸው የታወቁ። ትራክተር ይምጣልን ብለው ጎረቤቱን ያሳመኑት እሳቸው ነበሩ። ሽማግሎቹ «የብረት በሬ መሬቱን ይረግጥብናል፤ ከየዘመዱ በሬ እንዋስ» ሲሉ፣ አያ ጌጡ በማኅበር ፊት ተነሥተው «ባታርስ እኔን ጠይቁኝ» አሉ። ከዚህ ወዲያ በሬ የሚዋስ ጠፋ። የሰዉ ሁሉ ዘር በእሳቸው ቃል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ትራክተሯን የሚነዳው ታደለ የሚባል ባልደረባዬ ነበር። እጁ ጎበዝ፣ ጠባዩ ቁጡ። እኔ ብትበላሽ እንድጠግናት አብሬ ተላክሁ። አሮጌ ናት፤ ቀለሟ ለቆ ምን እንደነበረ አይለይም። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ቀን ስታርስ ዋለች። ኋላዋ ላይ የሚገለበጠው አፈር እንደ ጥቁር ቅቤ ያበራል፤ ነጫጭ ወፎች ትሉን ሊለቅሙ ይከተሏታል። ማታ እዚያው እርሻው ላይ አቆምናት። አያ ጌጡ ጋቢያቸውን ተከናንበው «እኔ እጠብቃታለሁ» አሉና እኛ መንደር ገብተን አደርን።

ማግስቱ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር። በበዓሉ ቀን አፈር የሚነካ የለም፤ ከበዓሉ ቀጥሎ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ናቸው። መሬቱ ከወዲሁ ጠርዙ ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል። ዛሬ ያልታረሰ ዘንድሮ አይታረስም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ታደለ አስነሣት፤ ደኅና ተነሣች። እርሻውን አንድ ጊዜ ዞረች፣ ሁለተኛውን ስትጀምር ጉልበቷ ከዳት፣ አስላትና ቀጥ አለች።

«ናፍጣ ጨርሳ ይሆን?» ብሎ ታደለ ሰልባትዮውን፣ ማለትም የናፍጣ ማጠራቀሚያውን ክዳን ፈቶ በእንጨት ለካ። ሞልቷል። ናፍጣው እየደረሳት አይደለም ማለት ነው። ፊልትሮውን ፈትቼ አየሁት፤ ንጹሕ ነው፤ ቢሆንም አጠብሁት። የገባውን አየር ለማስወጣት ቡሎኗን አላልቼ፣ አረፋው እስኪጠፋ በእጅ ፓምፑ ገፋሁ። ተነሣች። እልል ተባለ። ጥቂት አረሰችና ደግማ ሞተች።

ታደለ እንደገና ለካ፣ እኔ እንደገና ፈታሁ። ቧንቧውን አውጥቼ በአፌ ነፋሁት። የናፍጣ ጣዕም ምሳ ሰዓት ድረስ ከምላሴ አልጠፋም፤ የአያ ጌጡ ሚስት ያመጡልን የዳጉሳ እንጀራ በሽንብራ ሽሮ እንኳ ናፍጣ ናፍጣ አለኝ። ደግማ ተነሣች፣ ደግማ ሞተች።

ሰዉ መሰብሰብ ጀመረ። ሽማግሎቹ በዱላቸው ተደግፈው አያ ጌጡን ያያሉ። ያ አስተያየት ከስድብ የባሰ ነው። በመጨረሻ አንደኛው «በል እንግዲህ ጌጡ፣ አንተን እንጠይቅ?» አሉ።

አያ ጌጡ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ተስፋ አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ» አልሁ። አልነበረኝም።

ታደለ ደግሞ ተናዶ «ተይው! የናፍጣ ፖምፓው ሙቷል፤ ባሕር ዳር ተጎትታ ትሂድ። አንች ልጅ ስትፈችና ስትገጥሚ ዋልሽ» አለና፣ ሳይለካ ሳይከፍት ዘልሎ ወጥቶ ቁልፉን አዞረ። እፍ እንዳሉት ኩራዝ ወዲያው ድርግም አለች።

ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ። እስካሁን የምትነሣው እኔ ስለፈታሁ ነበር? ወይስ ታደለ ክዳኑን ስለከፈተ? ሲከፍት ትሠራለች፤ ሳይከፍት ሲቀር ወዲያው ትሞታለች። እናቴ የዘይት ቆርቆሮ ስትከፍት በአንድ ጥግ ብቻ በስታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ትይዩ ሁለተኛ ቀዳዳ ትበሳለች። አየር ካልገባ ዘይቱ አይወርድም። የሰልባትዮም ክዳን ለዚሁ ሲባል መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለችው።

ወጥቼ ክዳኑን ስፈታው ፉት ብሎ አየር ሳበ። ገልብጬ አየሁት። ቀዳዳዋ በሰም ድፍን ብላለች። ያማረ፣ ቢጫ፣ ማር ማር የሚል ሰም፤ በአውራ ጣት ተጭኖ የተለሰነ።

አያ ጌጡ ከሥር ቆመው ሲያዩኝ ኖሯል። «ምነው፣ እሱን አትንኪው እንጅ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኛ! ሽታው በዚያች ቀዳዳ ሲወጣ አደረ። አረቄ እንኳ አፉን ካልደፈኑት ኃይሉ በኖ ያልቅ የለ? የሰው አደራ ነው ብዬ ደፈንሁላችሁ።»

ፊቴን አይተው ገባቸው። ያ ረጅም ሰው ሲያጥር አየሁት። «ወይኔ ጌጡ! እኔ ነኝ የገደልኋት?» አሉ፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

የዚያን አገር ሰው አውቀዋለሁ። ቅጽል ስም ካወጣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አያ ጌጡ ከዚያ በኋላ በማኅበር ፊት ተነሥተው አንድ ቃል ቢናገሩ የሚሰማቸው አይኖርም። እኔ ደግሞ ሃያዎቹ ውስጥ የነበርሁ፣ «ሴት ምን ታውቃለች» ሲባል የኖርሁ፣ ማንም ያላገኘውን ብልሽት ያገኘሁ ልጅ ነኝ። ክዳኑን ከፍ አድርጌ «ይኸው!» ብዬ መጮኽ እንዴት እንዳማረኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ሰሙን በጥፍሬ ፈልቅቄ ቱታዬ ኪስ ከተትሁት። ቀዳዳዋን በሽቦ ጠረግሁ፣ ክዳኑን ገጠምሁ።

በዚያችው ቅጽበት ሽማግሎቹ ፊታቸውን ወደ መንደሩ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አዙረው «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ይችን ትራክተር ብታስነሣልን ጃንጥላ እናገባለን» ብለው መሳላቸው ነበር። እኔም ወዲያው «ታደለ፣ አስነሣ!» አልሁ።

ተነሣች። በአንድ ጊዜ፣ እያገሣች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ አንድ ሽማግሌ መሬት ሳሙ። ታደለ ዞር ብሎ «ምን አደረግሽ?» ሲለኝ «የአየር ነገር ነበር» አልሁት። ውሸት አልነበረም፤ አየሩ ገብቶ ሳይሆን አልገባ ብሎ ነበር እንጅ። ሳታቋርጥ ስታርስ ዋለች፤ ፀሐይ ጣና ውስጥ ስትገባ ያልታረሰ ቁራሽ አልቀረም።

በማግስቱ በበዓሉ ጃንጥላው ገባ። መሪጌታው ሚካኤል ትራክተር እንዳስነሣ ለሕዝቡ ተናገሩ። ታደለም እየሳቀ «አንች ቀኑን ሙሉ ታግለሽ፣ እሱ በአንድ አፍታ ጨረሰው» አለኝ። ምላሴን ነከስሁ። አያ ጌጡ ከመሬት ቀና አላሉም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ፣ ሽንብራው ሲያፈራ አንድ ሸክም እሸት ይዘው ቤቴ ይመጡ ነበር። ስለዚያች ቀን አንድም ቃል አንሥተን አናውቅም።

ባለፈው ሳምንት እንግዲህ ዳሱ ውስጥ ከእሳቸው ጎን አስቀመጡኝ። መንገድ ላይ ስላየሁት ነጂ ሳወራ አንዱ ጎረምሳ «ሚካኤልን መጥራት ነበረበታ! እንደኛ አገሯ ትራክተር» አለና ሰዉ ሳቀ። አያ ጌጡ አልሳቁም። በከዘራቸው መሬቱን መታ አድርገው ዝም አሰኙት።

«ሚካኤል ይቅር ይበለኝ፣ ዕድሜ ልኬን እሱን አስመሰገንሁ» አሉ። «ቀዳዳዋን በሰም የደፈንሁት እኔ ነኝ። የከፈተቻት ይች ናት።»

ዳሱ እስኪናጋ ተሳቀ። «አባ ሰሙ!» አለ አንዱ፤ ስሙ ከዚያው ጸደቀ። ሙሽራዋ ዕንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ ዞረችና «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉ?» አለችኝ።

እኔ ሳልመልስ አያ ጌጡ ቀደሙኝ። «እንዲህ እንዳትስቁብኝ ነዋ» አሉና፣ ከሁሉም በላይ ራሳቸው ሳቁ።

በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ በዚያች ቀን ሥራዬ እኮራለሁ፤ በማግኘቴም፣ በዝም ማለቴም። ባለቤቱ ከተናገረው በኋላ ግን እኔን ዝም የሚያሰኘኝ ምንድን ነው? ፋሲሎ እንደ ተመለስሁ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ በመጀመሪያ ላለፈው ሰው ነገርሁት፤ ለእናንተም ይኸው። ቅዱስ ሚካኤል ቅር አይበለውና፣ ያችን ትራክተር ያስነሣኋት እኔ ነኝ።